ሐዲድ ማለት ብረት ነው

የጓሮዋን ክፍል፣ መስኮት የሌላትን፣
ለባቢከር አከራየኋት፣ ተቀብዬ የወሩን እኩሌታውን።
«ቀሪውስ?» ብለው «ኢንሻላህ» አለ፣
በግራ እጁ ቁልፍ ተቀበለ።
ቀኙ በሻሽ ተጠምጥሟል፤ «ምን አገኘህ?» አላልኩም፣
አቃቂ ነው፣ ፋብሪካ ሰፈር፣ እዚህ የእጅ ነገር አይጠየቅም።

ሻንጣ የለው፣ ፍራሽ የለው፤
ከመተማ በጭነት መኪና አብራው የመጣች ኡድ ናት ያለችው፣
ሆዷ የነቃ፣
በቁስል ፕላስተር የተጠገነች ዕቃ።
«አዝማሪ አስገባሽ?» አለችኝ ደብሪቱ፣ ካጥሩ ማዶ ስቃ።
እሱ ሰማ። «አልዘፍንም» አለ በተሰባበረ አማርኛ፣
«ዜማ እሠራለሁ። ዘፋኙ ሌላ ነው፣ ብዙ ነው፣ ሠራተኛ።»

ባለቤቴ ሽብሩ፣ ነፍሱን ይማር፣
ሠላሳ ዓመት ከዚህ እስከ ደብረ ዘይት የሐዲድ ብሎን ሲያጠብቅ ነበር፤
ባቡሩ ሲቀር እሱም ብዙ አልቆየ።
ባቢከር አንድ ማለዳ፣ ሣር የዋጠውን መንገድ አየ፣
ጎንበስ ብሎ ዝገቱን ዳሰሰና
«ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ።
«ሐዲድ ነዋ!» አልኩት። ሳቀ። ሳሉ እስኪነሳ ሳቀና፦
«ሐዲድ በኛ ቋንቋ ብረት ነው። ማንኛውም ብረት።
ምስማሩም፣ ማንኪያውም፣ የወህኒው መዝጊያ ሰንሰለት።
ቃሉም እንደኔ ተሰዶ ነው የመጣው፤
ግን እሱ እዚህ ሥራ አገኘ። እኔ ገና ወረፋ ላይ ነኝ፣ እንደምታዪው።»

ኋላ ነገረኝ፣ ዝናብ ባሰረን ማታ፣
አትባራ ስለምትባል የባቡር ከተማ፣ ስለ አድማ፣ ስለ ቱማታ፤
ለሰልፉ ዜማ እንደሠራ፣ ርምጃውን በመዶሻ ለክቶ፣
መርማሪውም ዜማውን ጣቱ ውስጥ የሚያገኘው መስሎት
አንድ በአንድ እንደሰበረው፣ ሳይቸኩል፣ ሲጋራውን አጥፍቶ።

አሁን በከንፈሩ ያፏጫል፣ በግራ እጁ ይጽፋል፤
የኔ የመብራት ደረሰኝ ጀርባው በኖታ ተጥለቅልቋል።
«አምስት ድምፅ ነው ያለን፣ እንደናንተው» ይለኛል፣
«አምስት ጣት ለነበረው ሰው ይበቃል።»

በነሐሴ ይሁን በጳጉሜ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
በሬ ተደበደበ፤ በድንጋጤ ብድግ አልኩ፣ ነጠላዬን ደርቤበት።
ስልኩን ዘርግቶ ቆሟል። ከስልኩ ውስጥ ሕዝብ ይዘምራል፣
የእሱን ዜማ፣ ሺህ ይሁን አሥር ሺህ ጉሮሮ፤ ከኋላው ጥይት ይንጣጣል።
ያለቅሳል ብዬ ጠበቅሁ።
«ሦስተኛው ስንኝ!» ብሎ ጮኸ፤ «መውረድ ነበረባቸው! ወጡ!
ማን አስተማራቸው?»
እኔ ምን አውቄ፣ «ተዋቸው፣ ልጆች ናቸው» አልሁ።
መስመሩ ተቋረጠ።
እሱም እደጃፌ ላይ፣ በጨለማው፣ ተቀመጠ።

ሲነጋ ቦኖው አጠገብ አገኘሁት፣ በላጲስ ሲያጠፋ፣ ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ።
«ምነው?» አልኩት። ደረሰኙን እፍ አለ።
«እነሱ ናቸው ትክክል። ጥይቱ አናታቸው ላይ ሲከፋ፣
ቢወርዱ ኖሮ እርስ በርስ አይሰማሙም ነበር።»
እኔ ዜማ አላውቅም። ይህ ግን ገባኝ፤ ሽብሩም ለብረቱ፣
ፀሐይ ሲመታው የሚላወስበት ክፍተት ይተው ነበር።

የመስከረምን ኪራይ አልከፈለኝም። የጥቅምትንም።
ደብሪቱ «አስወጪው» ትላለች፤ እሺ እላታለሁ፣ አላስወጣሁትም።
የሽብሩን መዶሻ ሰጠሁት፤ አመሻሹ ላይ ሄዶ ሐዲዱን ይመታል፣
ጆሮውን ያስጠጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላ ቦታ ይመታል።
«ይሄ መንገድ አትባራ አይደርስም» አልኩት ትናንት፣ ከሰል ይዤ ሳልፍ።
«አውቃለሁ» አለና መታ፤ ራቀ ድምፁ፣ ወደ ዱከም ጫፍ።

ዛሬ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ሬዲዮው ተዘግቶ፣ ቤቱ ጭር ብሎ፣
አንድ ነገር አፌ ላይ መጣ።
ሦስተኛው ላይ ስደርስ፣ መውረዱን እያወቅሁት፣
ወጣሁ። ቢላዬን አስቀምጬ ሰማሁት።